ከሰሌዳ የጠፋ መረጃ በገበያ ይሸጣል

በነፃ መገኘት ያለበት ነገር ዋጋ ሲወጣለት ሁለት ነገሮችን መጠርጠር ይገባል። አንደኛው፣ ነገሩ ሆን ተብሎም ይሁን በቸልታ ከሕዝብ እጅ ርቋል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ በእጥረቱ የሚኖር ሰው ተፈጥሯል ማለት ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ይህ ዕጣ ከደረሳቸው ሸቀጦች አንዱ የማዘጋጃ ቤት መረጃ ነው። የትኛው ቦታ ለጨረታ ይወጣል? የቤት ስም ለማዞር ስንት ይከፈላል? የግንባታ ፈቃድ በስንት ቀን ያልቃል? አዲሱ መንገድ በየትኛው ቀበሌ ያልፋል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መገኘት ሲገባው፣ ከቢሮው ማዶ ባለው ሻይ ቤት ዋጋ ተቆርጦለት ይሸጣል።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ሀዋሳ ጥሩ ማሳያ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቋ ዳር የምትገኘው ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። እንደ አጋጣሚ ሆኖ የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ የወጣውም በዚያው ዓመት ነበር። ሀዋሳ እንደ ብዙዎቹ ከተሞች በገበያና በመኪና ማቆሚያ ዙሪያ በዘፈቀደ አላደገችም። በፕላን የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ቀጥ ያሉት ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ዛሬም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ለገበያ ሰው ደግሞ ፕላን ማለት ቃል ማለት ነው። እዚህ ሱቅ፣ እዚያ መኖሪያ፣ ወዲያ ማዶ ፋብሪካ ይሆናል ተብሎ የተሰጠ ቃል ነው። ነጋዴው ያንን ቃል አምኖ ገንዘቡን መሬት ላይ ያፈሳል። ቃሉ ሲለወጥ በጊዜው ካልተነገረው ግን ገንዘቡ መሬት ላይ እንደፈሰሰ ይቀራል።

ባለፉት ዓመታት የሀዋሳን ገበያ ከሥር የነቀነቁ ሦስት ትልልቅ ለውጦች ታይተዋል። ሦስቱንም ያመጣቸው በአብዛኛው የመንግሥት ውሳኔ ነው።

የመጀመሪያው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበትና በዘጠኝ ወር ያህል የተገነባው ይህ ፓርክ 60 ሺህ ሠራተኞችን እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ያን ያህል ሠራተኛ ወደ አንድ ከተማ ሲጠራ ቤት፣ ውኃ፣ መጓጓዣና እንጀራ አብሮ መጠራቱ የታወቀ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት፣ የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጾ ነበር። በዚህ ደመወዝ ብቻዋን ቤት መከራየት የማትችል ወጣት ለሦስት ለአራት ሆና አንዲት ክፍል ትጋራለች። ለመኖሪያ የሚሆነው ቦታ የትና መቼ እንደሚዘጋጅ ለሁሉም እኩል ቢነገር ኖሮ ብዙ አነስተኛ ባለሀብቶች ተሽቀዳድመው ክፍል በሠሩ ነበር። አቅርቦት ቀድሞ ከደረሰ ኪራይ ረገብ ይላል፤ የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ ሲሆኑ ግን ዋጋውን የሚቆርጡት እነርሱ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ከዚያው ከፓርኩ የመጣ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የፓርኩ አውራ ደንበኛ የነበረው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በአጎዋ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድሏን አጣች። እርግጥ ይህን ውሳኔ የሀዋሳ ማዘጋጃ ቤት አልወሰነውም። ይሁን እንጂ በፓርኩ ዙሪያ ክፍል የሠራው፣ ምግብ ቤት የከፈተውና ባጃጅ በብድር የገዛው ሁሉ ከተማው ስለ ነገ ምን እንደሚያስብ የሚሰማበት ጆሮ ያስፈልገው ነበር።

ሦስተኛው የአስተዳደር ለውጥ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ሲዳማ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ክልል ሆነ፤ ሀዋሳም የክልሉ መቀመጫ ሆነች። ከተማዋ ግን የቀድሞው የደቡብ ክልል ቢሮዎችንም ለተወሰኑ ዓመታት ይዛ ቆይታለች። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ ቢሮዎቹ ወላይታ ሶዶንና ሆሳዕናን ወደመሳሰሉ ከተሞች ተጓዙ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከተማ ሲለቅ ጠረጴዛውን ብቻ ይዞ አይሄድም። የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያና የወር አስቤዛውን ይዞ ይሄዳል። የትኛው ቢሮ መቼ እንደሚነሳ ቀድሞ የሰማ ሰው ቤቱን ቀድሞ ሸጠ ወይም ውሉን ቀድሞ አደሰ። ያልሰማው ደግሞ ኋላ ሰማ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የጉብዝና ወይም የድካም ልዩነት አልነበረም፤ የመረጃ ልዩነት ነበር።

የአንድ ወረቀት ዋጋ

ትልልቁ ለውጥ ይቆይና የዕለት ተዕለቱ አገልግሎት ይታይ። አንድ ነጋዴ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሊከፍት አሰበ እንበል። ሱቁን በወር 20 ሺህ ብር ተከራየ። ለዕቃ መግዣ 800 ሺህ ብር ከባንክ በ18 ከመቶ ወለድ ተበደረ። ፈቃድ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ሰነድ በሙሉ በአንድ ወረቀት ዘርዝሮ የሚሰጠው አላገኘም። በመጀመሪያው ቀን የኪራይ ውሉን ይዞ ሲሄድ “ውሉ ይጽደቅ” ተባለ። አጽድቆ ሲመለስ “የአከራዩ የግብር ክሊራንስ ይጎድላል” ተባለ። ክሊራንሱን ይዞ ሲመጣ ደግሞ የሚፈርመው ኃላፊ ስብሰባ ገብቷል። ጉዳዩ በ45 ቀን አለቀ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሱቁ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ 30 ሺህ ብር ኪራይ ተከፍሏል። የባንክ ወለዱ ወደ 18 ሺህ ብር ይጠጋል። በድምሩ 48 ሺህ ብር አንድ ሚስማር ሳይሸጥ ወጥቷል። ይህን ገንዘብ ማዘጋጃ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ግብር ሆኖ መንገድ አልሠራበትም። ነጋዴውም ቢሆን ከኪሱ ከፍሎ ዝም አይልም። በሚስማሩ፣ በቆርቆሮውና በሲሚንቶው ላይ ጨምሮ ከገዥው ያስመልሰዋል። ስለዚህ በዚያ ቢሮ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ነዋሪ የቢሮውን መዘግየት ይከፍላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጉዳይ አስፈጻሚው ብቅ ይላል። “በአንድ ሳምንት አስጨርስልሃለሁ” ይላል። ነጋዴው በአንድ ሳምንት ከጨረሰ የሚወጣበት 7 ሺህ 500 ብር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ለጉዳይ አስፈጻሚው እስከ 40 ሺህ ብር ቢከፍል አይከስርም። የአስፈጻሚው ዋጋ የሚቆረጠው በራሱ ድካም ሳይሆን በቢሮው መዘግየት ልክ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ቢሮው በዘገየ ቁጥር የሻይ ቤቱ ዋጋ ይወጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሰነድ የሚዘረዝረውን ወረቀት ያለመለጠፍ ጥቅም የሚያገኝበት ሰው አለ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው አስተሳሰብ ባልጠፋበት አገር ደግሞ ወረቀቱ ሳይለጠፍ የሚቀረው ሁልጊዜ በመርሳት ብቻ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል።

የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ ጉዳቱ ይብሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ሰሞን የግንባታ ፈቃዱ ሁለት ወር የዘገየበት ሰውና በሁለት ሳምንት የተሰጠው ሰው ብረት የገዙት በአንድ ዋጋ አልነበረም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ደንግጓል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡትን አገልግሎት ራሳቸው እንዲያሳትሙና ለጠያቂ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ አዝዟል። በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ዘመን የዜጎች ቻርተር የተባለ ሰነድም በብዙ ቢሮዎች ግድግዳ ላይ ወጥቷል፤ ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ቀን ያልቃል የሚል ነው። ችግሩ ቻርተሩ የተሰቀለበት ግድግዳና አገልግሎቱ የሚሰጥበት መስኮት አለመተዋወቃቸው ነው። ቀኑ ሲያልፍ ምን ይደረጋል? ለማን አቤት ይባላል? የሚለው ከሌለበት ቻርተሩ ከግድግዳ ቀለም አይሻልም።

የከተሞች የገቢ አወቃቀርም ይህንኑ ያስገድዳል። አንድ የከተማ አስተዳደር ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። ትምህርትና ጤናን የመሳሰሉት የመንግሥት ተግባራት በክልል በጀት ይደገፋሉ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የደረቅ ቆሻሻ፣ የቄራና የገበያ ቦታ ሥራዎች ግን በአብዛኛው ከተማው ራሱ ከሊዝ፣ ከኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ በሚሰበስበው ገቢ የሚሠሩ ናቸው። በሌላ አነጋገር ነጋዴው ለማዘጋጃ ቤት ባለጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛም ነው። የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ የማይለጥፍ ሱቅ በንግድ ቢሮ ይቀጣል። የአገልግሎቱን ዋጋ የማይለጥፍ ማዘጋጃ ቤትንስ ማን ይቀጣዋል?

ጨረታውም ቢሆን ከዚህ አይለይም። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ የወጡት የሊዝ አዋጆች ጨረታን ዋነኛ መንገድ ያደረጉት ተጫራች ሲበዛ ዋጋው እውነተኛ ይሆናል በሚል ነው። ማስታወቂያውን ሦስት ሰዎች ብቻ የሰሙት ጨረታ በወረቀት ላይ ጨረታ ነው፤ በተግባር ግን ስምምነት ሊሆን ይችላል። አሥራ ሁለት ሰዎች ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ከተማው ያገኘው የነበረው ተጨማሪ ገንዘብ የጎርፍ መውረጃ ይሆን ነበር። ከጨረታው በኋላ ያሸነፈው ዋጋ በካሬ ሜትር ተሰልቶ ሲወጣ ደግሞ ባንኩ ለዋስትና፣ ሻጩ ለዋጋ ግምት፣ ገዥው ለድርድር ይጠቀምበታል። ዋጋው ከተደበቀ ግን ሁሉም በወሬ ይገምታል። በወሬ የተገመተ ዋጋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ነው።

የሚነሱት ሰበቦች

ይህ ሲነሳ ከቢሮ በኩል ሦስት መልሶች መሰማታቸው የተለመደ ነው። የመጀመሪያው “በጀትና የሰው ኃይል የለም” የሚል ነው። የአገልግሎት ክፍያ ዝርዝር ለመለጠፍ የሚያስፈልገው ግን አንድ ወረቀትና አራት ሚስማር ነው። እንዲያውም ለአንድ ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ በቃል የሚመልስ ሠራተኛ ዝርዝሩ ሲለጠፍለት ጊዜው ይተርፋል።

ሁለተኛው “መረጃ አስቀድሞ ከወጣ የመሬት አየር ባየር ነጋዴ ይሻማበታል” የሚለው ነው። ይህኛው ክብደት ያለው ክርክር ነው። ነገር ግን አየር ባየር ነጋዴው መረጃውን ከሰሌዳ አይጠብቅም፤ ቀድሞውኑ ከውስጥ አግኝቶታል። ምስጢሩ የሚከለክለው ሌላውን ነው። ስለዚህ ምስጢር አየር ባየርን አይገድልም፤ ተወዳዳሪ ነው የሚያሳጣው።

ሦስተኛው “ሕዝቡ አያነብም” የሚለው ነው። ሕዝቡ የማያነበው ለእርሱ የማይጠቅመውን ነው። በአብዛኛዎቹ ከተሞች የአስተዳደር ዜና ተብሎ የሚወጣው ኃላፊው እገሌን ተቀብለው አነጋገሩ፣ ካቢኔው ተሰበሰበ፣ የልማት ሥራ ተጎበኘ የሚል ነው። ከዚህ ውስጥ ለባለሱቁ የሚሆነው የቱ ነው? መንገዱ ለጥገና ከየትኛው ቀን እስከየትኛው ቀን እንደሚዘጋ ቢነገረው ግን ዕቃውን አስቀድሞ ያስገባል። በሲዳሙ አፎና በአማርኛ፣ በቀላል ቃል፣ በቀኑ ይውጣ እንጂ አንባቢ አያጣም።

ደላሎች በዚህ ይጎዳሉ የሚባለውም በቅጡ ሊታይ ይገባዋል። ሻጭና ገዥን አገናኝቶ ኮሚሽን መቀበል የቆየና ሕጋዊ ሥራ ነው፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ራሱ ለደላላ ቦታ ሰጥቶታል። የደላላ ሙያ ገበያውን ማወቅ፣ ሰው ማስታረቅና ዋጋ ማቀራረብ ነው። የቢሮ በር ጠባቂነት ሌላ ነገር ነው። ካርታው ንጹሕ መሆኑን፣ ዕዳ እንደሌለበትና በመንገድ ፕላን እንዳልተነካ በአንድ ቀን ማረጋገጥ የሚችል ደላላ በዓመት ብዙ ሽያጭ ይጨርሳል። ሁለት ወር የሚጠብቀው ግን ገዥው ሐሳቡን ቀይሮ ሲሄድ ቁጭ ብሎ ያያል። ግልጽነት የሚጎዳው መረጃን የሚሸጠውን ነው፤ አገልግሎት የሚሸጠውን ግን ያበለጽገዋል።

ምን ይለጠፍ?

ለሀዋሳ የሚበጀው ብዙ አይደለም። ስምንቱም ክፍለ ከተሞች አምስት ነገሮችን በየወሩ መጀመሪያ ቢለጥፉ ገበያው ልዩነቱን ይሰማዋል። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ አገልግሎት ሙሉ የሰነድ ዝርዝር፣ ክፍያና የመጨረሻ ቀን። ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር ስንት ጉዳይ ቀርቦ ስንቱ በቀኑ እንዳለቀ። ሦስተኛ፣ ለሊዝ የሚወጡ ቦታዎችና ያለፈው ጨረታ ያሸነፈበት ዋጋ። አራተኛ፣ የመንገድ፣ የጎርፍ መውረጃና የኮብልስቶን ሥራዎች የሚጀመሩበትና የሚያልቁበት ቀን። አምስተኛ፣ የውኃና የመብራት መቋረጥ ፕሮግራምና የውኃ ጥራት ምርመራ ውጤት።

የመጨረሻው ትርፍ ነገር አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን ያልፋል። የራሱን ጉድጓድ ሊያስቆፍር የሚያስብ ሆቴል በአካባቢው ቀደም ሲል የተደረገው ምርመራ ምን እንዳሳየ ቢያውቅ ለቁፋሮም ለማጣሪያም የሚያወጣውን ገንዘብ አስልቶ ይገባበታል። ምርመራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ፋይል ውስጥ ከተቀመጠ ግን አሥር ባለሀብት አሥር ጊዜ ይከፍልበታል።

ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ይህ ታክስ ቤትና ይዞታን ገምቶ የሚጣል ነው። ግምት ደግሞ ሳያስረዱት ሲጫን ምን እንደሚያስከትል ሩቅ ሳይሄዱ ማስታወስ ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። ያስቆጣቸው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ገማቹ በምን ሒሳብ እንደደረሰበት አለመታወቁም ነበር። ጎረቤቱ ስንት እንደተገመተና ለምን እንደተለየ በሰሌዳ ላይ ያየ ሰው ይከራከር ይሆናል፤ ክርክሩ ግን በሒሳብ ላይ ይሆናል። ያላየ ሰው የሚከራከረው በጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬን ደግሞ በደረሰኝ መሰብሰብ አይቻልም።

በመረጃ ላይ የተመሠረተ የከተማ አስተዳደር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረውና ሀዋሳም የታቀፈችበት የከተሞች ልማት ፕሮግራም ድጋፍን ከሥራ አፈጻጸም ጋር ያገናኘ ነበር። ሒሳቡን በጊዜው ያላስመረመረና ዕቅዱን ያላዘጋጀ ከተማ ገንዘብ ሊቀርበት እንደሚችል ያውቅ ነበር። ከተሞች ዋሽንግተን ላለ አበዳሪ ሒሳባቸውን በየዓመቱ ማሳየት ከቻሉ፣ መናኸሪያና ታቦር ላለው ግብር ከፋይ በየወሩ ማሳየት የሚያቅታቸው አይደሉም። የሚያንሳቸው ጠያቂው ነው።

ጠያቂው ደግሞ ነጋዴው ነው። የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ከአስተዳደሩ ጋር በሚገናኙበት መድረክ ሁሉ የግብር ቅነሳና የቦታ ጥያቄ ብቻ ከማንሳት ይልቅ የሰሌዳውን ጥያቄ ቢያስቀድሙ፣ ለአባሎቻቸው ከማንኛውም የግብር እፎይታ የማያንስ ጥቅም ባስገኙላቸው ነበር። የ48 ሺህ ብሩ ኪሳራ በአዋጅ የተጣለ ግብር አይደለምና ለማንሳትም አዋጅ አያስፈልገውም።

“ዝም አይነቅዝም” የሚለው ተረት ለቢሮ ሰው ይሠራ ይሆናል። በገበያ ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም በነጋዴው መጋዘንና በሸማቹ ቅርጫት ውስጥ ነው። ሀዋሳ በፕላን የተወለደች ከተማ ናት። ፕላኑ ለነዋሪው በጊዜው እየተነገረ እንዲሄድ የሚያስፈልገው አንድ ሰሌዳ፣ ጥቂት ወረቀትና ቀኑን ጠብቆ የሚለጥፍ አንድ ሠራተኛ ነው። ወረቀቱ በወጣበት ወር የሻይ ቤቱ ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ ገበያው ራሱ ይናገራል።